የግራው ስፒከር

ጥቅምት 6

ለትንሼ፣

ይህ ደብዳቤ ከናፍታ በርሜሎች ጋር ተሳፍሮ ስለሚመጣ፣ ከእኔ በፊት ሽታው ቢደርስህ ይቅርታ አድርግልኝ። ሾፌሩን ኪስህ ውስጥ አድርግልኝ ብዬ ለምኜው ነበር፤ «እመቤቴ፣ ኪሴም ያው ናፍታ ነው» አለኝ። ብርዱ እንዴት ይዞሃል? ያቺ ማማው ሥር ያለች ቆርቆሮ ቤትህ ጣሪያዋ ተጠገነ? ስልኩ ለሥራ ብቻ ነው ማለትህን ሰምቻለሁ፤ አልቀየምም። ግን ሰው ወር ሙሉ ከማሰራጫ ማማ ጋር ብቻ እያወራ እንዴት እንደሚኖር አይገባኝም። እኔ ብሆን ማማው ራሱ ጥሎኝ ይሄድ ነበር።

እኛ ደህና ነን። ደህና ስልህ በእግራችን ቆመናል ማለቴ ነው።

ለባሌ ለጋሼህ በላክህለት ወረቀት ላይ ስለ ርዝመቱ ጠይቀኸው ኖሯል። እሱ እስኪመልስልህ ብጠብቅ ዓመት ስለሚሆን፣ እኔው በጎረቤቴ በልብስ ሰፊዋ ሜትር ለካሁልህ። ከአምፕሊፋየሩ እስከ ቀኙ ስፒከር ሦስት ሜትር ነው። እስከ ግራው፣ በሩን ዞሮ ስለሚሄድ፣ ስምንት ሜትር ከግማሽ። አንተ ያኔ ስትገጥምልን ያስገባኸውን ቀጭኑን ገመድ «ይሄ የበር ደወል ሽቦ ነው» ብሎ ነቅሎ ጣለው። ቀጥሎ እንደ ጣት የወፈረ፣ ውስጡ የሚታይ ገዛ። ወር ሳይሞላ እሱንም ነቀለና ጫፉ ወርቃማ የሆነ ሌላ እንድገዛ ላከኝ። ሻጩ «እናቴ፣ ይሄ ገመድ እኮ ዘፋኙ ከንፈሩን ሲልስ ሳይቀር ያሰማል» አለኝ። እኔ ደግሞ የሰው ከንፈር ሲላስ ምን ይሠራልኛል? ቢሆንም ገዛሁት። ጋሼህ ተንበርክኮ አሰረው፤ ተቀመጠ፤ አዳመጠ፤ «ግራው አሁንም ሞቷል» አለ።

ለእኔ አይታወቀኝም። እኔ ላይ ሁለቱም እኩል ነው የሚጮኹብኝ።

ትንሼ፣ ሴትዮዋ ስለ ሽቦ ልታለቅስ ነው ብለህ እንዳትስቅብኝ። ሰውየውን ታውቀዋለህ። ከአውቶቡስ ጋራዡ ሲመለስ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ፣ ወንበሩን ወለሉ ላይ ምልክት ካደረገባት ቦታ አስቀምጦ፣ የሳክስፎኑን ካሴት ከፍቶ ይጠራኝ ነበር። «ነይ እዚህ ጋ ቁሚ፤ አሁን ሰውየው ትንፋሹን ሲስብ ትሰሚያለሽ» ይለኛል። የአንድ ሰው ትንፋሽ ሃያ ሁለት ዓመት አሰማኝ። አሁን ሁለት ደቂቃ ያዳምጥና ያጠፋዋል፤ ከዚያ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ መንበርከክ ነው። ሳወራው አይመልስልኝም። ገበታ ላይ ጎኑን ሰጥቶኝ ይቀመጣል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አልጋ ላይ ቦታ እንቀያየር አለኝ፤ ከተጋባን ጀምሮ በግድግዳው በኩል የምተኛው እኔ ነበርኩ። ምን አጠፋሁ ብዬ ብጠይቀው «ምንም፤ ገመዱ ነው የሚያናድደኝ» ይላል።

እንግዲህ ገመዱ ከሆነ ገመዱን አስተካክልልኝ። ይሄ የምትለውን አንዱን ቁርጥ አድርገህ ንገረኝ። ባሌ ከዚያ ቁም ሳጥን ጀርባ ወጥቶ ወደ ቤቱ ይመለስልኝ።

እህትህ

ጥቅምት 14

እታለም፣

መኪናው ነገ ጠዋት ስለሚመለስ አጭር ነው የምጽፈው። ሽታው አልቀደመሽም፤ አንቺን የሚቀድም ነገር የለም። ጣሪያዬ ደህና ነው፣ የሚያፈሰው በአንድ በኩል ብቻ ነው።

ሻጩ ስለ ዘፈን ሲጀምርልሽ አትስሚው። ገመዱ መዳብ ይሁን፣ ውፍረቱ ሁለት ከግማሽ ሚሊ። የቀኙንም የግራውንም እኩል ስምንት ሜትር ከግማሽ አስቆርጪ፤ በቀኝ በኩል የሚተርፈው ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። መዳብ ነው ካለሽ የአንዷን ክር ጫፍ በምላጭ ፋቂ። ከቀዩ ሥር ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ላይ መዳብ ቀብተው ነው። ስታስሪ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር።

ይህን ሁሉ አድርገሽ «ግራው ሞቷል» ካለ ሌላ ገመድ እንዳትገዢ። እኛ ብልሽት ስንፈልግ ዕቃ እናዛውራለን። የተበላሸው ነገር ሲዛወር ብልሽቱም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ እሱ ሥራ ላይ እያለ፣ ሳትነግሪው፣ መጀመሪያ ሁለቱን ገመዶች አቀያይሪ። ሌላ ቀን ሁለቱን ሳጥኖች። ሌላ ቀን አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ ያሉትን መሰኪያዎች። በእያንዳንዱ ቀን የትኛው ደከመ ብለሽ ጠይቂውና የሚልሽን ጻፊልኝ።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ወንድምሽ

ኅዳር 6

ለትንሼ፣

ደብዳቤህ እንደ መድኃኒት ወረቀት አጭር ብትሆንም ትራሴ ሥር ነው ያደረች። «ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም» ስትል እጅህን አሞህ እንዳይሆን ብዬ ሰጋሁ። ስለ እጅህ ጻፍልኝ።

ገመዱን ገዝቻለሁ። ምላጭ በቦርሳዬ ይዤ መጀመሪያ ወደዚያ ከንፈር አላሹ ሻጭ ሄድኩ። ፋቅ ሳደርገው «እናቴ፣ ገመድ ነው እኮ፣ ድንች አይደለም» አለኝ። ነጭ ወጣ። አሳየሁት። «እሱማ ብር ነው፤ እንዲያውም ከመዳብ ይበልጣል» አለ። እኔም «እንግዲያው ለሚስትህ ሐብል አሠራበት» ብዬው ወጣሁ። ከመንገዱ ማዶ መነጽሩን በክር ያሰረ አንድ ሽማግሌ አለ፤ እሱ ራሱ ፋቀልኝ፤ እስከ ውስጡ ቀይ ነው። ሁለት እኩል አድርጎ ቆረጠልኝና «ለምን ስፒከር ነው?» አለኝ። «ለሞተ» አልኩት። «የሞተን ስፒከር ገመድ አያስነሳውም፣ ልጄ» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ቃሉ እስከ ቤት ተከተለኝ።

ጋሼህ በገዛ እጁ አሰረው፣ ቀይ ከቀይ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሥር ዓይነት ቁልፍ በጨለማ የሚለይ ሰው አንዲት ቀጭን ክር ማስገባት አቃተው። አዳመጠ። አጠፋው።

እንግዲህ ያልከኝን አደረግኩ። ሦስቱንም ቀን በትኬት ጥቅል ጀርባ ላይ ጽፌ ይዤዋለሁ። ማክሰኞ ገመዶቹን አቀያየርኩ፤ ማታ ገብቶ አዳምጦ «ግራው» አለ። ዓርብ ሳጥኖቹን አዛወርን። እነዚያን ሳጥኖች ምን ሞልተህባቸው እንደሆነ አላውቅም፤ ልብስ ሰፊዋ አንዱን ታቅፋ «ስፒከሩን ነው ወይስ ባልሽን ነው የምናዛውረው?» እያለች ወገባችን እስኪቆረጥ ሳቅን። በማግስቱ አዳመጠ። «ግራው» አለ። በሦስተኛው ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ነቅዬ አቀያየርኩ፤ ስሰካው እሳት እንዳይነሳ ፊቴን አዙሬ ነበር። «ግራው» አለ።

ገመዱ ሄደ፣ ሳጥኑ ሄደ፣ መሰኪያው ሄደ፤ ብልሽቱ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ያላዛወርኩት ግድግዳውን ብቻ ነው። እሱን ደግሞ አከራያችን አይፈቅድም። ስለዚህ በግራ በኩል ያለው ግድግዳ ድምፁን እየጠጣው ይሆናል ብዬ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቀልኩበት። ቤቱ ስልቻ መስሏል።

ሥራ ቦታም ነገሩ ተከትሎናል። አዲስ የትኬት መስኮት ሰጥተውኛል፤ ጋራዡ ከጎኔ ስለሆነ የሚባለውን ሁሉ እሰማለሁ። ጋሼህን፣ ካቻቢቴውን ሞተር ላይ ተክሎ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ የሚያዳምጠውን ሰው፣ «ካቻቢቴ» እያሉ የሚጠሩትን ሰው፣ ሐሙስ ዕለት ሳቁበት። ደህና ነው ብሎ ያሳለፈው አውቶቡስ ተጎትቶ ተመለሰ። አለቃው «ካቻቢቴ ዛሬ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር» አለ። እኔ መስኮቱን ዘጋሁና አለቀስኩ። ተሳፋሪዎቹ ትኬት አለቀ መስሏቸው ተበተኑ።

የቀረህን ንገረኝ። የቀረህ ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ያንን አጭር ደብዳቤህን ከአርባ ጊዜ በላይ አንብቤዋለሁ።

እህትህ

ኅዳር 14

እታለም፣

ብርድ ልብሱን አውርጂው። ስፒከሮቹን ከእንግዲህ አትንኪ።

ጋሼ የሚቀመጥባትን ወንበር አዙሪያት። ጀርባውን ለስፒከሮቹ፣ ፊቱን ለግድግዳው ሰጥቶ ይቀመጥ። ከዚያ የትኛው እንደ ደከመ ጠይቂው። ስትጠይቂው አጠገቡ ቁሚ።

ይቅር በይኝ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 6

ወንድሜ፣

ጤናህን አልጠይቅህም። አለመጠየቄን እንድታውቀው ነው የጻፍኩት።

ወንበሩን አዞርኩት። ወለሉን ልወለውል ነው፣ ለጊዜው እንዲህ ተቀመጥ አልኩት፤ እሺ ብሎ ተቀመጠ። ካሴቱን ከፈትኩ። እንዳልከኝ አጠገቡ ቆሜ «እንዴት ነው?» አልኩት። እሱም ሳያስበው እጁን አንስቶ እስከ ዛሬ ደህና ነው ሲል የነበረውን የቀኙን ሳጥን አመለከተና «አሁን ደግሞ ይሄኛው ሞተ፤ ምን ነካሽበት?» አለኝ።

ምንም አልነካሁም። አለመንካቴን ደግሞ ያውቃል፤ እጄ ላይ መወልወያ ነው ያለው።

እጁ እንደተሰቀለ ቀረ። እኔም ያኔ ገባኝ። ያልተዛወረው ግድግዳው አልነበረም፤ እሱ ነበር። የሞተው ጆሮው ነው።

ከዚያ ሁሉን ነገረኝ፤ ቁጭ ብሎ፣ ወደ ግድግዳው እያየ። ከክረምቱ በፊት ግራ ጆሮው ውስጥ እንደ ባዶ ራዲዮ መጮህ ጀመረው። ከዚያ ድምፅ መራቅ ጀመረ። አሁን አንዳንዴ ሲነሳ ቤቱ ይዞርበታል። አልጋ የተቀያየርነውም በደህናው ጆሮው በኩል እንድሆንለት ነው፤ እኔ ሞኟ ሰውየው ጠላኝ ብዬ ስንት ጊዜ አለቀስኩ። አንድ ነገር ደግሞ እኔም ሸሽጌህ ነበር። በጥቅምት መጨረሻ ወደ ኋላ የሚመጣ አውቶቡስ ሊደፋው ሲል ጎማ ሠሪው በኮሌታው ጎትቶ አወጣው። ሐሳብ ይዞት ነው ብዬ አልጻፍኩልህም። ከግራው ነበር የመጣው።

እና አንተ ታውቅ ነበር። ግንቦት ላይ ለዕረፍት ስትመጣ ነግሮሃል፤ «ገመድ ነው በላት» አለህ፤ አንተም ገመድ ነው አልክ። ለምን ብዬ ብጠይቀው ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? «አንቺ መስኮት ላይ ነሽ። አንቺ ካወቅሽ እስከ ምሳ ሰዓት ጋራዡ ያውቀዋል። ጆሮ የሌለው መካኒክ ጎማ ማጠቢያ ነው የሚላከው።» ልጅ ሆነን ቤት ውስጥ «ራዲዮ» ስትሉኝ እስቅ ነበር። ለካ ባሌ ከእኔ አፍ ተደብቆ ነው ከቁም ሳጥን ጀርባ የኖረው።

መናገር እችላለሁ ማለት ሁሉን እናገራለሁ ማለት ነው? እስቲ አንተ ንገረኝ። የእናታችንን የመጨረሻ ወር ለማን ተናገርኩ?

አሁን ሐኪም ቤት እንሂድ ብለው አይሆንም አለ። ጩኸቱ በራሱ ይተወኛል ይላል። ከአንተ ሌላ የሚሰማው ሰው የለም፤ ገመድ ነው ስትለው ገመድ ነው ብሎ ለማመን የፈለገ እሱ ራሱ ነው። እጁ ሲንቀጠቀጥ የነበረው ለዚያ ነው፤ እያንዳንዱን ገመድ ሲያስር ምናልባት ይሄኛው ይሆናል እያለ ነበር። ጻፍለት። ገመድ አይደለም በለው። ዋሽቼሃለሁ በለው።

ወደ ሥራ ስልካችሁ ደውዬ ነበር። አንድ ሰው አነሳና «ሞት ነው?» አለኝ። «አይደለም» አልኩት። «እንግዲያው በመኪናው ላኪ» ብሎ ዘጋው። ደብዳቤዬ ሳምንት ይሄዳል፣ መልስህ ሳምንት ይመጣል። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ውስጥ እኔ በጠዋት ከግራ ጎኑ ቆሜ መንገድ አሻግሬው ወደ መስኮቴ እሮጣለሁ፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ትኬት መቁረጥ አቆማለሁ።

እህትህ

ታኅሣሥ 14

እታለም፣

አብሮ የተላከው የታሸገው ወረቀት የጋሼ ነው። አትክፈችው።

ራሴን ለመከላከል አይደለም፣ እንድታውቂው ብቻ ነው። እናታችን ስትሞት እጄን ይዞ ቤታችሁ ያስገባኝ፣ ካቻቢቴ መያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። በሕይወቴ አንድም ነገር ለምኖኝ አያውቅም። ግንቦት ላይ፣ ያን ቀን አምፕሊፋየሩን ከፍቼ አቧራውን ስጠርግ ጎንበስ ብሎ ስለ ጆሮው ነገረኝና «የግራው የደከመው ከገመዱ ነው፣ አይደል?» አለኝ። ዓይኑን አየሁት። «ከገመዱ ነው» አልኩት። አንዴ ካልኩት በኋላ በየወሩ ሌላ ገመድ መምረጥ ነበረብኝ። ውፍረቱን፣ ርዝመቱን፣ ጫፉን፣ ሁሉንም ከልቤ ነበር የምመርጠው፤ ጥሩ ገመድ ከመረጥኩ ውሸቴ የሚያንስ ይመስለኝ ነበር።

ላለመናገር ቃል ሰጥቼው ስለነበር ነው ዕቃ አዛውሪ ያልኩሽ። አልነገርኳትም ለማለት። አሁን ሳየው የፈሪ ዘዴ ነው።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ሐኪም ቤት ስትሄዱ፣ ግንቦት ላይ ቢመጣ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ጠይቂና ያሉሽን ሳትቀንሺ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

ጥር 6

ለትንሼ፣

እጅህ ደህና መሆኑን ከጽሑፍህ አየሁ፤ ጥሩ ነው።

ወረቀትህን አልከፈትኩትም። ቆሞ አነበበው፣ በአራት አጠፈው፣ ጫማውን አደረገ፣ «ነይ እንሂድ» አለ። ምን እንዳልከው አልጠየቅኩትም፤ ራዲዮም የሚዘጋበት ሰዓት አለው።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ረጋ ብላ ነው የምትናገረው፣ ቀስ እያለች፣ በደህናው ጆሮው በኩል ዞራ። እኔ ወዲያው ወደድኳት። ጭንቅላቱን የሚያይ ማሽን ውስጥ አስገቡት። ማሽኑ ሲንኳኳ በር ላይ ሆኜ ይሰማኝ ነበር። ሲወጣ ገርጥቷል፤ ግን «የማሽናችሁ ኩሽኔታ አልቋል፤ ቶሎ ካልቀየራችሁት መዞሩን ያቆማል» አላቸው። ሰዎቹ ሳቁ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የማውቀውን ሰው ለአንዲት ደቂቃ አገኘሁት።

ከጆሮ ወደ አንጎል በሚሄደው ነርቭ ላይ ዕጢ አለ። የባቄላ ፍሬ ያህላል። ክፉ ዓይነት አይደለም ብላለች፣ አይዛመትም፤ ግን ያድጋል፤ ካደገ የሚጫነው አንጎሉን ነው። መዞሩም ከዚያ ነው። በሁለት ወር ውስጥ መውጣት አለበት። ሲወጣ የግራው ጆሮ ጨርሶ ይሄዳል፤ የፊቱ ግማሽ ሊዘነብልም ይችላል፤ ከቀዶ ጥገናው ላይነሳም ይችላል፤ ይህን ሁሉ እየቆጠረች ነገረችን። ካልወጣ ግን ጊዜው አይታወቅም እንጂ መጨረሻው ይታወቃል።

የፈቃድ ወረቀቱን ሰጠችው። አልፈረመም። ኪሱ ከቶት ወጣ። መንገድ ላይ «ያለኝን ይዤ የደረስኩበት ልድረስ» አለኝ። «እኔስ?» አልኩት። በግራው በኩል ስለነበርኩ አልሰማኝም፤ ወይም የሰማኝ አልመሰለም።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ቀን ሆነ። ተናግሬዋለሁ፣ ለምኜዋለሁ፣ ተሳድቤያለሁ። ሥራ ገብቶ ይመጣል። ወረቀቱ የሥራ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው፤ ግሪስ ነክቶታል።

ጠይቂልኝ ያልከውን አልጠየቅኩም። በዚያ ሁሉ ግርግር ረሳሁት። ስለዚህ ራስህን አታስጨንቅ።

እህትህ

የካቲት 6

ለትንሼ፣

ይህን የምጽፍልህ ከሐኪም ቤቱ ኮሪደር፣ ጉልበቴ ላይ ነው፤ ፊደሉ ቢወላገድ የወንበሩ ጥፋት ነው። ትኬት የምትቆርጠው ጓደኛዬ መጥታ ለሾፌሩ ታደርስልኛለች። መኪናው ዛሬ ከሰዓት ይነሳል። ጋሼህን ነገ ጠዋት ያስገቡታል።

በጥር ደብዳቤህ ፈረመ ወይ ብለህ ነበር የጠየቅከኝ፤ ፈርሟል፤ እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። እኔ አይደለሁም ያስፈረምኩት፤ ወይም እኔ ነኝ፣ አላውቅም። ተናግሬ ተናግሬ ሲያቅተኝ አንድ ቀን ዝም አልኩ። ዘዴ አልነበረም፤ ቃል አለቀብኝ። እኔ ላይ ቃል ሲያልቅ አይተህ ታውቃለህ? ከሥራ ሲገባ ራቱን አቀረብኩ፤ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ ስለ ጨው መሰለኝ። አልመለስኩም። ትንሽ ቆይቶ «ምን አልሽ?» አለ። ዝም። ቀኝ ጆሮውን አዙሮ ሰጠኝና «እስቲ ድገሚው» አለኝ። ዝም ብዬ አየሁት።

ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። በቤታችን ውስጥ እኔ ሳልናገር የቀረሁበት ቀን ኖሮ አያውቅም፤ ስለዚህ ተናግሬ እሱ ያልሰማ መሰለው። የቀኙም የሄደ መሰለው። ማንኪያውን አንስቶ ሳህኑን መታ። ጠረጴዛውን መታ። ድምፁን ሲሰማ እንደ ሕፃን እሪ ብሎ አለቀሰ፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ከዚያ «ኮቴን አምጪልኝ» አለ። በግሪሱ ላይ ፈረመበት።

ለአለቃውም ራሱ ሄዶ ነገረው። ጎማ ማጠቢያ አልላኩትም፤ እስክታገግም ቦታህ አለ አሉት። ጎማ ሠሪው ቀድሞም እንደሚያውቅ ተናገረ። ግማሹ ጋራዥ ያውቅ ነበር፣ ትንሼ። ካወቁት ውስጥ ያላወራው አንድም አልነበረም፤ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

አሁን ደግሞ የዋሸሁህን ልንገርህ። ሐኪሟን ጠይቄያት ነበር። ጋሼህን ውጭ አስቀምጬ ተመልሼ ገብቼ ጠየቅኳት። ግንቦት ላይ ቢመጣ ምን ይሆን ነበር አልኳት። ወረቀቷን አስተካከለች፤ ከዚያ «ያኔ ትንሽ ስለሚሆን ጆሮውን የማትረፍ ዕድል ነበር፤ ቀዶ ጥገናውም የዚህን ያህል አያሰጋም ነበር» አለችኝ። ሳልቀንስ ጻፍኩልህ። ባለፈው ወር ያልጻፍኩት ለአንተ አዝኜ ነው፤ ዛሬ የጻፍኩት ደግሞ ብቻዬን መሸከም አቅቶኝ ነው። የትኛው ደግነት እንደሆነ አንተ ምረጥ።

ለሌላ ሰው ደግሞ ተናግሬዋለሁ። አሁን ከምሳ በኋላ ክፍሉ ገብቼ ነበር። ጭንቅላቱን በግራ በኩል ከጆሮው ጀርባ ላጭተውታል፤ ቆዳው ነጭ ነው፣ ፀሐይ ያላየ። በዚያ በኩል ተቀመጥኩና አፌን ጆሮው ላይ ለጥፌ ማውራት ጀመርኩ። ሐኪሟ ያለችኝን ነገርኩት። ተናድጄብሃለሁ አልኩት። ከእኔ ከምትደበቅ ከአውቶቡሱ ብትደበቅ ይሻል ነበር አልኩት። ነገ ባትወጣ እኔ ያንን ቤት እንዴት እገባዋለሁ፣ ማነው «ነይ እዚህ ጋ ቁሚ» የሚለኝ አልኩት። እስኪያልቅልኝ አወራሁ። ትንፋሽ እንኳ አልወሰድኩም።

ስጨርስ ዞሮ አየኝ። «ምን አልሽ?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።

«ቀጥይ፤ ትንፋሽሽ ይሞቃል» አለኝና ጆሮውን መልሶ ሰጠኝ።

ይቅርታህን አንብቤዋለሁ፤ ሦስቱንም። ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አነሳሁና አቃተኝ። ይቅር ማለቴን ነገ ሐኪሟ የምትወስንልኝ ይመስለኛል። ይህ ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ልቤ ያለበት እዚያ ነው።

ጓደኛዬ መጥታ ቆማለች፣ ልጨርስ። ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ሳምንት አልፎታል። እኔ ዛሬ የማላውቀውን ነገር፣ አንተ ፖስታውን በምትቀድበት ሰዓት እዚህ ኮሪደር ላይ የሚጠርገው ሰው ሳይቀር ያውቀዋል። የምትጸልየው ላለፈ ቀን ነው። ቢሆንም ጸልይ፤ የካቲት ሰባት ጠዋት ብለህ፣ ሰዓቱን ጠርተህ ጸልይ።

እህትህ